ለአደንም ለወፍ ማየትም የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ መካከለኛ ባይኖኩላር የቱ ነው?

ማለዳ_ተነሺ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባይኖኩላር ልገዛ ነው፤ አንድ ብቻ። የምፈልገው ለሁለት ነገር ነው። ለአደን፣ እና ወፍ ለማየት። ሁለቱንም እኩል ነው የምወዳቸው፤ ስለዚህ "ለአንዱ ይሁን፣ ሌላው ይቅር" የሚል መልስ አይጠቅመኝም። የላይኞቹን የጀርመንና የኦስትሪያ ዕቃዎች አቅሜ አይፈቅድም። በጣም ርካሹን ገዝቼ ደግሞ ዓይኔን ማሳመም አልፈልግም። መካከለኛ ዋጋ፣ መካከለኛ መጠን።

እያነበብኩ እያነበብኩ ሦስት ምርጫ ላይ ደርሻለሁ፤ 8×32፣ 8×42 እና 10×42። ልቤ ወደ 10×42 ያደላል፤ ሩቅ ያለውን የበለጠ ያቀርብልኛል ብዬ። ግን ወፍ የሚያዩ ሰዎች አብዛኞቹ 8 ይዘው ነው የማያቸው። ለምንድን ነው? መነጽር አላደርግም፣ በእግር ብዙ እሄዳለሁ፣ ብዙ ጊዜ የምወጣው ጎህ ሲቀድ ነው። የሠራችሁበት ሰዎች በግልጽ ንገሩኝ።

ወፍ_ቆጣሪዋ፦

8×42 ውሰድ። ምክንያቴን ልንገርህ።

የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፣ ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን፣ ማጉያው በጨመረ ቁጥር የምታጣው ነገር መኖሩን ነው። የእይታው ስፋት ይጠባል። የእጅህ መንቀጥቀጥ በዚያው ልክ ይጎላል። ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀትም ስለሚቀንስ ወፏ ወደ አንተ ወይም ከአንተ ትንሽ ፈቀቅ ባለች ቁጥር ፎከሱን መነካካት ነው።

ቅጠል መሃል ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የምትዘል ትንሽ ወፍ አስብ። አንድ ቦታ የምትቆየው ለቅጽበት ነው። ባይኖኩላሩን አንስተህ፣ አግኝተሃት፣ ፎከስ አስተካክለህ፣ የክንፏን መስመርና የዓይኗን ዙሪያ ማየት አለብህ። በጠባብ እይታ ስትፈልጋት እሷ ሄዳለች። በሰፊ እይታ ግን መጀመሪያ ዛፉን ታያለህ፣ ከዚያ እሷን። በ8 ያየሃት ወፍ በ10 ካመለጠችህ ወፍ ትበልጣለች።

ለቁጥር ያህል፣ ከ8×42ዎች ብዙዎቹ በ1000 ሜትር ርቀት ከ125 እስከ 145 ሜትር ስፋት ያሳያሉ። 10×42ዎቹ አብዛኛውን ጊዜ 100 እና 115 መሃል ናቸው። ልዩነቱን ሜዳ ላይ ወዲያው ታየዋለህ።

የድሮ_አዳኝ፦

ወፍ ቆጣሪዋ ያለችው ለወፍ ልክ ነው። እኔ ግን ከአዳኝ ወገን ልናገር።

አደን ላይ የምታየው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አይዘልም፤ ይቆማል። ተራራ ፊት ለፊት ተቀምጠህ አንዱን ጥግ ይዘህ እያበጠርክ ነው የምትፈልገው። ቁጥቋጦ ሥር የተኛ እንስሳ ሙሉ አካሉ አይታይህም። ጆሮ ነው የምታየው። ወይም የቀንድ ጫፍ፣ ወይም ከሣሩ ጋር የማይሄድ የጀርባ መስመር። እዚያ ላይ 10 ይጠቅማል። ወንድ ነው ሴት ነው፣ ጠና ያለ ነው ገና ልጅ ነው የሚለውን ከሩቅ ለመለየት 10 ከ8 ይሻላል፤ ያንን ሳትለይ ደግሞ ወደ ጠመንጃህ አትሄድም።

የድንግዝግዝ ጉዳይም አለ። የጥንት የጀርመን አዳኞች የሚጠቀሙበት ስሌት አለ፤ ሁለቱን ቁጥሮች አባዝተህ ካሬ ሥሩን መውሰድ ነው። 8×32 ላይ 16 ይመጣል፣ 8×42 ላይ 18.3 ገደማ፣ 10×42 ላይ 20.5 ገደማ። ቁጥሩ ሲያድግ በደብዛዛ ብርሃን የበለጠ ዝርዝር ይታያል ነው ነገሩ።

ግን ልጄ፣ 10 የሚጠቅመው ተቀምጠህ፣ ክርንህን ጉልበትህ ላይ አስደግፈህ ወይም ትራይፖድ ላይ አስረህ ስታይበት ነው። ቆመህ፣ ሽቅብ ወጥተህ ልብህ እየመታ ከያዝከው ምስሉ ይንቀጠቀጥብሃል፣ ከ8 የተሻለ አታይም። እንግዲህ አደንህ የት እንደሆነ ንገረን፤ ጫካ ነው ወይስ ገላጣ?

ሌንስ_ጠጋኝ፦

ካሜራና ባይኖኩላር እጠግናለሁ፤ ውስጣቸውን ከፍቼ ስለማያቸው ከዚያ በኩል ልጨምር።

ጋሼ ያነሱት ስሌት ትክክል ነው፤ ግን የመስታወቱን ጥራት አይቆጥርም። ተራ 10×42 እና ጥሩ 8×42 ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ስሌቱ ተራውን ያስቀድማል፤ ዓይን ግን ጥሩውን ነው የሚመርጠው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "8 ወይስ 10" መሆኑ ቀርቶ "በዚህ ገንዘብ ምን ዓይነት መስታወትና በላዩ ላይ የሚለበጥ ስስ ቅብ አገኛለሁ" ቢሆን ደስ ይለኛል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ባዶ መስታወት ሲገባ በእያንዳንዱ ገጽ 4 በመቶ ገደማ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ባይኖኩላር ውስጥ ብዙ ገጾች አሉ። 10 ገጽ ብቻ ብትቆጥሩ እንኳ ካልተቀባ ከብርሃኑ አንድ ሦስተኛው መንገድ ላይ ይቀራል። የቀረው ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ውስጥ ለውስጥ እየተንጸባረቀ ምስሉን ወተት የነካው ያስመስለዋል። ጥሩ ባለ ብዙ ድርብ ቅብ ይህን በገጽ ወደ ግማሽ በመቶና ከዚያ በታች ያወርደዋል። ስለዚህ መግለጫው ላይ "ፉሊ መልቲ-ኮትድ" የሚለውን ፈልጉ። "ኮትድ" ብቻ ካለ ምናልባት አንድ ሁለት ገጽ ብቻ ተቀብቶ ይሆናል። "ፉሊ" እና "መልቲ" ሁለቱም አብረው ይኑሩ።

ሁለተኛው ፕሪዝሙ ነው፤ ውስጥ ተቀምጦ የተገለበጠውን ምስል የሚያቀናው መስታወት። ቀጥ ያሉ ሁለት ቱቦ የሚመስሉት ሩፍ ፕሪዝም ናቸው። ሩፍ ፕሪዝም ውስጥ ብርሃኑ ጣሪያ በሚመስለው ጠርዝ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ተመልሶ ይገናኛል፤ ሲገናኝ ሁለቱ ግማሾች ትንሽ ስለሚዛነፉ ጥራቱ ይወርዳል። ይህን የሚያስተካክለው ፌዝ-ኮሬክሽን የሚባለው ቅብ ነው፤ መጀመሪያ ያወጣው ዛይስ ነው፣ በ1988። ዛሬ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ላይ ሁሉ አለ። ሩፍ ፕሪዝም ሆኖ ይህ ቅብ ከሌለው እኔ አልገዛውም።

ብዙዎቹ የሩፍ ፕሪዝም ዓይነቶች አንደኛው ገጻቸው ላይ መስታወት መሰል ቅብ ያስፈልጋቸዋል። አሉሚኒየም ከሆነ በዚያ ገጽ ላይ ብቻ ከብርሃኑ 10 በመቶ ገደማ ይበላል። ብር ይሻላል። ዳይኤሌክትሪክ የሚባለው ደግሞ ከ99 በመቶ በላይ ይመልሳል። "ዳይኤሌክትሪክ" የሚል ካያችሁ ዕቃው ታስቦበት የተሠራ ነው።

ኢዲ መስታወት የሚባለው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። ሰማይ ላይ የጠቆረ ወፍ ስታዩ ጠርዙን የሚከበው ሐምራዊና አረንጓዴ ጭራ አለ፤ እሱን ይቀንሳል። ጭልፊትና ንስር ለሚከታተል ሰው ይጠቅማል። ግን ኢዲ ተብሎ ተጽፎበት ቅቡ ደካማ የሆነ ዕቃ እጄ ላይ መጥቶ ያውቃል። ቃሉ ብቻውን አያሳምናችሁ።

ማለዳ_ተነሺ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ አብዛኛው የምሄድበት ጫካና ቁጥቋጦ ነው፣ አልፎ አልፎ ገላጣ ኮረብታ አለ። ትራይፖድ መሸከም የምፈልግ አይመስለኝም። አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ 8×32 ለምን አይበቃኝም? ቀላል ነው፣ ትንሽ ነው፣ ለእግረኛ የሚመች ነው የሚሉ አሉ።

እግረኛው፦

እኔ 8×32 ነው የምይዘው፣ አልለውጠውም። ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር ክብደቱ ወሳኝ ነው። 42ዎቹ ከ600 እስከ 750 ግራም ናቸው፤ 32ዎቹ ብዙዎቹ 500 አካባቢ። ወደ ማታ ላይ አንገትህ ልዩነቱን ይነግርሃል። ከባዱን ሰው ቦርሳ ውስጥ ያስገባዋል፤ ቦርሳ ውስጥ ያለ ባይኖኩላር ደግሞ ወፍ አያሳይም።

የእይታ ስፋቱም አይከፋም። ከዛይስ ቴራ ኢዲ ብትወስድ 8×32ው በ1000 ሜትር 135 ሜትር ያሳያል፣ 8×42ው 125። ትንሹ ይበልጣል። ቀን በጠራራ ፀሐይ ሁለቱን ለይ ቢሉኝ በብርሃን አልለያቸውም።

ወፍ_ቆጣሪዋ፦

ቀን ላይ ልክ ነህ ወንድሜ። የዓይን ብሌን በጠራራ ብርሃን 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ነው የሚከፈተው። ከባይኖኩላሩ የሚወጣው የብርሃን ክብ ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ለማጉያው ሲካፈል ነው። 32ን ለ8፣ 4 ሚሊሜትር። ከበቂ በላይ ነው።

ጠያቂያችን ግን ጎህ ሲቀድ ነው የምወጣው ብሏል። ያኔ ብሌኑ ሰፍቷል። ወጣት ከሆነ በጨለማ እስከ 7 ሚሊሜትር ሊከፈት ይችላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ወደ 5 እና ከዚያ በታች ይወርዳል። 8×42 የሚሰጠው 5.25 ነው። 10×42 ደግሞ 4.2 ብቻ፤ ከ8×32 እምብዛም አይሻልም። ጫካ ውስጥ፣ ከጥላ ሥር፣ ፀሐይ ሳትወጣ ልዩነቱ ይህ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው፤ ክቡ ሰፊ ሲሆን ዓይንህን መሃል ላይ ለማስቀመጥ አትቸገርም። ባይኖኩላሩን በጥድፊያ ስታነሳ ጥቁር ጥላ እየመጣ ምስሉን አይሸፍንብህም። እኔ 42ን የምወደው ከብርሃኑ ይልቅ ለዚህ ምቾቱ ነው።

የድሮ_አዳኝ፦

ጫካ ከሆነ እኔም 8 እላለሁ። ትራይፖድ የማይዝ ሰው ጫካ ውስጥ 10 ይዞ ምን ያደርጋል። ገላጣውን ኮረብታ ስትወጣ ተቀመጥና ጀርባህን ዛፍ ላይ አስደግፍ፣ በ8ም ብዙ ታያለህ። በዝግታ ነው የምታየው። ባይኖኩላሩን እያንቀሳቀስክ አትፈልግ፤ አንድ ቦታ ላይ አቁመውና ዓይንህን በክቡ ውስጥ አንከራትተው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ተሻገር።

አሁን ደግሞ ሳልናገር የማላልፈው ነገር። አንዳንድ ሰው "የጠመንጃዬ ስኮፕ ያቀርብልኛል፣ ባይኖኩላር ለምኔ" ይላል። ይህ ነውር ነው፣ አደጋም ነው። በስኮፕ ስታይ አፈሙዙ የምታየው ነገር ላይ ተደግኗል። ቁጥቋጦው ውስጥ ያለው ሰው ቢሆንስ? እንጨት ለቃሚ ቢሆን፣ እረኛ ቢሆን፣ ሌላ አዳኝ ቢሆን? ምን እንደሆነ የምትለየው በባይኖኩላር ነው። ከለየህ፣ ከኋላው ምን እንዳለም ካየህ በኋላ ነው ጠመንጃ የሚነሳው። ለአዳኝ ባይኖኩላር ከጥይት በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው። ገንዘብ ካጠረህ ስኮፑን ቀንስ፣ ባይኖኩላሩን ግን አትቀንስ።

ባለመነጽሩ፦

ጠያቂው መነጽር አላደርግም ብሏል። ግን ይህን ክር ሌላም ሰው ስለሚያነበው የመነጽር ለባሾችን ነገር ልጨምር።

መግለጫው ላይ "አይ ሪሊፍ" የሚል ቁጥር አለ። ዓይናችሁ ከኋለኛው ሌንስ ምን ያህል ርቆ ሙሉውን ክብ ማየት እንደሚችል ነው የሚነግራችሁ። መነጽር ለሚያደርግ ቢያንስ 15 ሚሊሜትር፣ ቢቻል 17 ወይም 18 ይሁን። ካነሰ ምስሉ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ይሆናል፤ የተጻፈው የእይታ ስፋት ሁሉ ለእናንተ አይሠራም። እኔ የነበረኝ አንድ ባይኖኩላር መግለጫው 16 ይላል፣ ግን ሌንሱ ከጎማው ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ መነጽሬ ሲጠጋው የቀረው በጣም ትንሽ ነበር። ሻጩ ቁጥሩን እያሳየ ተከራከረኝ። ስለዚህ ቁጥሩን እዩ፣ ግን መነጽራችሁን አድርጋችሁ ሳትሞክሩ አትክፈሉ። የዓይን ጎማው በመጠምዘዝ የሚወርድ ይሁን፤ መነጽር ያደረገ ሙሉ በሙሉ ያወርደዋል፣ ያላደረገ ያወጣዋል።

አዲስ_ተመዝጋቢ፦

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ከ10 እስከ 30 የሚሄድ ዙም ያለው አይቻለሁ፣ ዋጋውም ከምትሉት ያነሰ ነው። እሱ ሁሉንም አያጠቃልልም? 60×60 የሚልም አይቻለሁ።

ሌንስ_ጠጋኝ፦

አትግዛው ወንድሜ። ዙም ባይኖኩላር ውስጥ ሁለቱ ቱቦዎች በየማጉያው እኩል መጉላትና እኩል መስመር ላይ መቆየት አለባቸው። በዚያ ዋጋ ያንን በትክክል መሥራት አይቻልም። ዓይንህ ልዩነቱን ለማስታረቅ ሲታገል ራስህን ያምሃል። የእይታ ስፋቱም በጣም ጠባብ ነው። 30 ላይ ስታደርሰው ደግሞ እጅ ጨርሶ አይችለውም።

60×60 የሚለውን በቀላሉ አስላው። 60 ለ60 ሲካፈል 1 ሚሊሜትር የብርሃን ክብ ነው። ጨለማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቁጥሩ ራሱ እውነት አይደለም፤ ውስጡ 8 ወይም 10 የሚያጎላ ተራ ነገር ነው የምናገኘው። ሌንሱ እንደ ሩቢ ቀይ ሆኖ የሚያብረቀርቀውንም ተወው። ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልስ ምስሉ ውስጥ ያለው ቀለም ይዛባል፤ ቀለም ላይ ለሚመረኮዝ ወፍ ተመልካች ደግሞ ይህ ከባድ ጉዳት ነው። ፎከስ የማያስፈልገው የሚባለውንም እንዲሁ።

ባጀትህ በጣም አነስተኛ ከሆነ ፖሮ ፕሪዝም ተመልከት፤ ያ የጥንቱ የጦር ሜዳ መነጽር ቅርጽ ያለው፣ ትከሻው ሰፋ ያለው። ፖሮ ፌዝ-ኮሬክሽንም የመስታወት ቅብም አያስፈልገውም፤ ስለዚህ በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ምስል ይሰጣል። ለምሳሌ ኒኮን አክሽን ኢኤክስ 8×40 ውሃ አያስገባም፣ እይታው 8.2 ዲግሪ ነው። ክብደቱ ግን 855 ግራም ነው፤ ከ5 ሜትር የቀረበውንም አያሳይም። ለተቀምጦ ተመልካች ይሆናል። ለእግረኛ ከባድ ነው።

ማለዳ_ተነሺ፦

እሺ፣ 8×42 ላይ ወሰንኩ። አሁን የትኛው ሞዴል የሚለው ነው የቀረኝ። ኒኮን ሞናርክ ኤም5፣ ቮርቴክስ ዳያመንድባክ ኤችዲ፣ ዛይስ ቴራ ኢዲ፣ ኮዋ ቢዲ ቱ የሚሉ ስሞች እየተደጋገሙ አየሁ። ሁሉም 8×42 አላቸው። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ወፍ_ቆጣሪዋ፦

ከእነዚህ የትኛውም አያሳፍርህም። ግን አንድ ዓይነት ቁጥር አንድ ዓይነት እይታ ማለት እንዳልሆነ ልብ በል። ከአንዱ ከኒኮን ቤት ሳትወጣ ላሳይህ። ሞናርክ ኤም5 8×42 የእይታ ስፋቱ 6.4 ዲግሪ ነው፣ በ1000 ሜትር 112 ሜትር ገደማ። ከሱ ከፍ ያለው ሞናርክ ኤም7 8×42 ግን 8.3 ዲግሪ፣ 145 ሜትር። ሁለቱም 8×42 ናቸው! የኤም7 10×42 ራሱ 6.9 ዲግሪ ነው፤ ከኤም5 8×42 ይሰፋል። ሰው "8 ሰፊ ነው፣ 10 ጠባብ ነው" ብሎ ቁጥሩን ሳያይ ሲገዛ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው።

ኤም5 ኢዲ መስታወትና ዳይኤሌክትሪክ ቅብ አለው፤ ምስሉ ጥሩ ነው። የሚበልጠውን ጊዜ የምታሳልፈው እንስሳ በመፈለግ ከሆነና እይታው ካልጠበበህ ጥሩ ግዢ ነው። ዳያመንድባክ ኤችዲ 131 ሜትር ያሳያል፤ ጠንካራ ነው፣ ብዙ አዳኞች ይዘውታል። ቴራ ኢዲ እስከ 1.6 ሜትር ድረስ ቀርቦ ያሳያል፤ ቢራቢሮና ተርብ ማየት የሚወድ ሰው ይደሰትበታል። አይ ሪሊፉም 18 ሚሊሜትር ስለሆነ ባለመነጽሩ ይሞክረው። ኮዋው ደግሞ 143 ሜትር ገደማ ነው፤ ለወፍ የእኔ ምርጫ እሱ ነበር። ሰፊ እይታ ላይ ጠርዙ ትንሽ ደብዘዝ ማለቱ አይቀርም፣ ግን ወፏን የምታየው መሃል ላይ ነው፤ ጠርዙ የሚጠቅምህ የሚንቀሳቀስ ነገር መኖሩን ለማወቅ ነው። ለዚያ ደብዘዝ ማለቱ አይጎዳም።

የድሮ_አዳኝ፦

የዋስትናውን ወረቀት አንብብ። አንዳንዶቹ ዕድሜ ልክ ይላሉ፣ ግን የወደቀውን አይጨምሩም። አደን ላይ ደግሞ መውደቅ አይቀርም። ቮርቴክስ የወደቀውንም ይጠግናል ወይም ይለውጣል፣ ደረሰኝም አይጠይቅም፤ ግን የምትኖርበት ቦታ ድረስ አገልግሎቱ መኖሩን ቀድመህ ጠይቅ።

ውሃ የማያስገባና ናይትሮጅን ወይም አርጎን የተሞላ ይሁን። ከሞቀ ቤት ወደ ብርድ ስትወጣ ውስጡ ጉም አይይዝም። ውጭው ጉም ቢይዝ ትጠርገዋለህ፤ ውስጡ ከያዘ ግን ምንም አታደርገውም። ደግሞ ድምፅ! ቬልክሮ ያለው ማህደር አትግዛ። ጸጥ ባለ ጫካ ውስጥ ቬልክሮ ሲላቀቅ ሚዳቋዋ አንተን ሳታይህ ሄዳለች።

ሌንስ_ጠጋኝ፦

ከመክፈልህ በፊት ሱቁ በር ላይ ወጥተህ የምታደርጋቸውን ልንገርህ። አንድ ሞዴል ጥሩ ስለተባለ በእጅህ ያለው ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ በዚህ ዋጋ ከአንዱ ዕቃ አንዱ ይለያያል። ከቻልክ የአንዱን ሞዴል ሁለት ሦስት ፍሬ አስወጣ።

ከሁሉ አስቀድመህ የሁለቱን ቱቦዎች መስመር ፈትሽ። ራቅ ያለ የቤት ጣሪያ ጠርዝ ወይም አግዳሚ ሽቦ ተመልከት። ከዚያ ባይኖኩላሩን ቀስ እያልክ ከዓይንህ አርቀው። መስመሩ በግራና በቀኝ ክብ ውስጥ በአንድ ከፍታ መቀጠል አለበት። አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካለ መልሰው። ዓይንህ ለጥቂት ደቂቃ ያስታርቀዋል፣ ምንም አይመስልህም፤ ግማሽ ቀን ካየህበት በኋላ ነው ራስ ምታቱ የሚመጣው። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ውስጥ ትልቁ ችግር ይኸው ነው።

ቀጥለህ ባይኖኩላሩን አርቀህ ወደ ሰማይ ያዝና በኋለኛው ሌንስ ላይ የሚታየውን ብሩህ ክብ እይ፤ ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም አታዙረው፣ ዓይን ያጠፋል። ክቡ ሙሉ ክብ መሆን አለበት። ጠርዙ እንደ አራት ማዕዘን ከተቆረጠና ግራጫ ከሆነ ፕሪዝሙ ርካሽ መስታወት ነው ወይም አንሷል። ፎከሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙረው፤ መሃል ላይ መያዝ ወይም መላላት የለበትም። አቅጣጫ ስትቀይር ጎማው ባዶ የሚዞርባት ቦታ ካለች ሌላ አስወጣ። ከዚያ ፀሐይ ባለችበት በኩል ያለ ጥላ ውስጥ ተመልከት፣ ፀሐይዋን ሳይሆን ከሥሯ ያለውን ጥላ። ጥሩ ዕቃ ጥላውን ጥቁር አድርጎ ያሳያል፤ ደካማው ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል። አዳኝም ወፍ ተመልካችም ጠዋት ላይ የሚቸገሩት በዚህ ነው፣ ግን ሱቅ ውስጥ በአምፖል ብርሃን አይታይም።

ሁለቱ ቱቦዎች እስከ ምን ድረስ እንደሚጠጉም ሞክር። ፊታቸው ጠበብ ያለ ሰዎችና ልጆች አንዳንዱ አይገጥማቸውም። በእጅህ ስትይዘው ጣትህ ፎከሱ ላይ ሳትፈልገው ቢያርፍ ጥሩ ምልክት ነው።

ማለዳ_ተነሺ፦

ያላችሁኝን ሁሉ አደረግኩ። ኮዋውንና ዳያመንድባኩን ጎን ለጎን ሞከርኩ፣ ቴራው አልነበረም። ኮዋውን ወሰድኩ። ጥላ ውስጥ ሁለቱም ጥሩ ነበሩ፣ ስፋቱ ግን አሸነፈኝ። የመጀመሪያው ፍሬ ጣሪያው ላይ ትንሽ ከፍ ዝቅ ስላለ ሁለተኛውን አስወጣሁ፤ እሱ ልክ ነው። ሌንስ ጠጋኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ያንን ባትነግረኝ የመጀመሪያውን ይዤ እሄድ ነበር። አሁን ቀኝ ዓይኔ ላይ ያለውን ቀለበት እንዴት ነው የማስተካክለው? አንገቴስ ላይ የመጣበት ቀበቶ ቀጭን ነው፣ ልቀይረው?

ወፍ_ቆጣሪዋ፦

እንኳን ደስ አለህ! ቀለበቱን እንዲህ አድርገው። ራቅ ያለ፣ ጽሑፍ ያለበት ነገር ምረጥ። ሁለቱንም ዓይንህን ክፈት። የቀኙን የፊት ሌንስ በመዳፍህ ሸፍንና በመሃለኛው ጎማ ለግራ ዓይንህ አጥራው። ከዚያ ግራውን ሸፍን፤ መሃለኛውን ሳትነካ ቀለበቱን ብቻ እያዞርክ ለቀኝህ አጥራ። አንዱን ዓይን አትጨፍን፣ ስትጨፍን ሌላኛው ይጨናነቃል። የቆመበትን ምልክት አስታውስ፤ ሰው ተውሶ ሲመልስልህ ቀለበቱ ዞሮ ታገኘዋለህ።

ቀበቶውን ቀይረው። በሁለቱ ትከሻ የሚያልፈውን ማሰሪያ ግዛ፤ ክብደቱን ከአንገት ያወርዳል፣ ስታጎነብስም ባይኖኩላሩ ድንጋይ አይመታም፣ እግረኛው ያለውም ችግር በአብዛኛው ይቃለላል። ወፍ ስታይ ደግሞ ዓይንህን ከወፏ ሳትነቅል ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንህ አምጣው፤ ወደ ታች አይተህ ከዚያ ከፈለግካት ታጣታለህ። ቤት ውስጥ በመስኮት ተለማመድ።

ሌንስ_ጠጋኝ፦

ሌንሱን በሸሚዝህ ጫፍ እንዳትጠርገው። አቧራው ውስጥ አሸዋ አለ፣ ቅቡን ይፍቀዋል። መጀመሪያ በአየር መንፊያ አራግፍ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ በመጨረሻ በንጹሕ የሌንስ ጨርቅ። ርጥብ ሆኖ ማህደር ውስጥ አትዝጋው፤ ክፍት ቦታ ላይ አድርቀህ አስቀምጥ፣ አለዚያ ሌንሱ ላይ ሻጋታ ይበቅላል። ሻጋታ ቅቡን ከበላው ደግሞ እኔም አልመልሰውም።

የድሮ_አዳኝ፦

ኮረብታው ላይ ስትወጣ ቆብህን አድርግና ባይኖኩላሩን ስትይዝ በጣቶችህ የቆብህን ጫፍ አብረህ ያዝ። መንቀጥቀጡ ይቀንሳል፤ በ8 እንዲህ ከያዝክ ትራይፖድ አትፈልግም። ምን እንዳየህበት ጻፍልን።